የተዳፋት ሰፈር የዲዛይን መመሪያ በጓሮ ቤትና በፎቅ ላይ ምን ያህል ሥልጣን አለው?

የአንባቢ ጥያቄ፦ የምኖረው በሎስ አንጀለስ ካውንቲ፣ ከተራራ ሥር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። እናቴን ከአዲስ አበባ አምጥቼ የማኖርበት ትንሽ ቤት በጓሮ ለመሥራትና በዋናው ቤቴ ላይ አንድ ፎቅ ለመጨመር አስቤ ለንድፉ ገንዘብ ከፍያለሁ። አሁን ከተማው በተዳፋት ላይ ለሚሠሩ ቤቶች የዲዛይን መመሪያ አርቅቆ ነዋሪው ለሁለት ተከፍሎ ይከራከርበታል። ከበላዬ ያለው ጎረቤቴ «እይታዬን ትጋርዳለህ»፣ ከበታቼ ያለችው ደግሞ «ቁፋሮህ ግቢዬ ላይ ይናዳል» ይሉኛል። ንድፉን ያሠራሁት ከመመሪያው በፊት ስለሆነ መመሪያው ሊነካኝ ይችላል? እንግሊዝኛዬ ለአደባባይ ንግግር አይመችም፤ ስብሰባው ላይ ብገኝስ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ጥያቄዎ ሁለት የተለያዩ ግንባታዎችን የያዘ ነው፤ የካሊፎርኒያ ሕግም ሁለቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ስለዚህ ለእናትዎ ያሰቡትን ቤትና ፎቁን ለያይቼ እመልሳለሁ።

የጓሮ ቤቱ በተለምዶ «ኤዲዩ» የሚባለው ነው። የክፍለ ግዛቱ ሕግ እንደሚደነግገው፣ ቀድሞ ቤት ባለበት ይዞታ ላይ ከዋናው ቤት ተለይቶ የሚሠራ፣ ስፋቱ ከ800 ካሬ ጫማ፣ ቁመቱም ከ16 ጫማ ያልበለጠ፣ ከጎንና ከኋላ ወሰን ቢያንስ 4 ጫማ የራቀ ኤዲዩ ያለ ሕዝባዊ ስብሰባና ያለ ባለሥልጣን የግል ግምት ሊፈቀድ ይገባል፤ የተሟላ ማመልከቻ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥም ውሳኔ ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ከተሞች በዚህ ዓይነቱ ቤት ላይ ራሱ ሕጉ ያልፈቀደውን የዲዛይን መስፈርት እንዳይጨምሩ በግልጽ ተከልክለዋል። ስለዚህ በእነዚህ ልኮች ውስጥ ከቆዩ፣ ነዋሪው የሚከራከርበት መመሪያ የእናትዎን ቤት አይመለከተውም። ሆኖም የግንባታ ደኅንነት ሕጉ፣ የአፈር ምርመራውና የእሳት መከላከያ ደንቡ በተዳፋት ላይ እንደጸኑ ናቸው።

ፎቁ ግን ይህ ከለላ የለውም፤ እውነተኛው ሥጋትዎም እዚህ ላይ ነው። ለንድፍ የከፈሉት ገንዘብም አያድንዎትም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 «አቭኮ» በሚባለው ጉዳይ እንደወሰነው፣ ባለ ይዞታ በቀድሞው ደንብ የመገንባት መብት የሚያገኘው በመርህ ደረጃ የግንባታ ፈቃድ አግኝቶ፣ በፈቃዱም በቅንነት ተማምኖ ጉልህ ሥራ ከሠራና ወጪ ካወጣ ብቻ ነው። ንድፍ ማሠራት፣ መሬት ማስለካት፣ ለአርክቴክት መክፈል ከዚህ ደረጃ አይደርስም። ስለሆነም መመሪያው ፈቃድ ከመያዝዎ በፊት ከጸደቀ ፎቁ የሚታየው በአዲሱ መመሪያ ነው።

ይህ ከሆነ ክርክሩ ሊያተኩር የሚገባው በመመሪያው ቃላት ላይ ነው። እንዲህ ባሉ ረቂቆች ውስጥ በብዛት የሚገኘው «ቤቱ ከተራራው ገጽታ ጋር የተስማማ ይሁን»፣ «ግዙፍ መስሎ አይታይ» የሚል አነጋገር ነው። ማመልከቻ የሚያዩ አሥር የከተማው ፕላን ኮሚሽን አባላት ቢያነቡት አሥር ዓይነት ቤት ይታያቸዋል፤ ለአመልካች ደግሞ ከማያውቀው ልክ በላይ አስቸጋሪ ነገር የለም። በቁጥር የተነገረ ገደብ ጥብቅ ቢሆን እንኳ ይታወቃል፤ አርክቴክትዎ ለክቶ ሊያሟላው ይችላል። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውና በ2017 ያሻሻለው የተዳፋት ድንጋጌ የሚፈቀደውን የወለል ስፋት ከመሬቱ ቁልቁለት መጠን ጋር አያይዞ ያሰላል፤ መሬቱ በጣም ቁልቁል እየሆነ በሄደ መጠን ስፋቱ ያንሳል። ያም ድንጋጌ ብዙ ተቃዋሚ ነበረው፤ ነገር ግን ቢያንስ ሊለካ የሚችል ነው። በተለይ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ቁመት የሚለካው ከተፈጥሮው መሬት ነው ወይስ ተቆፍሮ ከተደለደለው? በሜዳ ላይ ይህ ጥያቄ ዋጋ የለውም፤ በተዳፋት ላይ ግን ፎቁ እንዲሠራ ወይም እንዲቀር የሚወስነው እርሱ ሊሆን ይችላል።

ረቂቁ ለውጪ ግድግዳና ለጣሪያ እንጨት የሚያበረታታ ከሆነም ዝም አይበሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 7 ቀን 2025 በፓሊሴድስና በአልታዲና አካባቢ የተነሡት እሳቶች ከ16,000 በላይ ሕንፃዎችን ካወደሙ በኋላ፣ ለውበት ተብሎ እሳት የሚቀበል ነገር መምከር ለከተማውም የሚያስቸግር አቋም ነው፤ የክፍለ ግዛቱን የእሳት ደንብ የሚቃረን የአካባቢ መመሪያም አይጸናም።

የበላዩ ጎረቤትዎ ስለ እይታ የሚያነሡት ክርክር በካሊፎርኒያ አጠቃላይ ሕግ መሠረት የለውም፤ እይታ በራሱ መብት አይደለም። መብት የሚሆነው በይዞታ ሰነድ ላይ በተመዘገበ ስምምነት ወይም በከተማ ድንጋጌ ነው፤ ራንቾ ፓሎስ ቨርዴስን የመሰሉ ከተሞች እንዲህ ያለ ድንጋጌ አላቸው። ስለዚህ የከተማዎን ድንጋጌና የቤትዎን ሰነድ ያስመርምሩ።

የበታችዋ ጎረቤትዎ ሥጋት ግን ክብደት አለው። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 832 ከወሰን አጠገብ የሚቆፍር ባለ ይዞታ ለጎረቤቱ አስቀድሞ ተገቢ ማስታወቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ቁፋሮው ከመንገዱ ጠርዝ በታች ከ9 ጫማ ከጠለቀና የጎረቤቱ ሕንፃ መሠረትም እስከዚያ ጥልቀት የሚደርስ ከሆነ ደግሞ፣ ጎረቤቱ ገብቶ እንዲሠራ ከፈቀደለት፣ የጎረቤቱን መሬትና ሕንፃ በራሱ ወጪ መደገፍ አለበት። የዝናብ ውኃውን አቅጣጫ በመለወጥ ለሚደርስ ጉዳትም ሊጠየቁ ይችላሉ። የአፈር መሐንዲሱን ሪፖርት ለእርሳቸውም ቢያሳዩአቸው፣ ተቃዋሚ የነበሩት በስብሰባው ላይ ዝም ሊሉልዎት ይችላሉ።

ወደ ስብሰባው ስንመጣ፣ መቅረት የለብዎትም። «ብራውን አክት» በሚባለው የካሊፎርኒያ የአደባባይ ስብሰባዎች ሕግ መሠረት የመደበኛ ስብሰባ አጀንዳ ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለበት፤ በአጀንዳው ላይ የመናገር መብትም አለዎት። ስለ እንግሊዝኛዎ አይጨነቁ፦ ለተናጋሪ የጊዜ ገደብ ከተደረገ፣ በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል፤ ይህ የማይሠራው በመሣሪያ ቀጥታ ትርጉም ሲቀርብ ብቻ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ተቃውሞዎን በጽሑፍ ያስገቡና የተቀበሉበት ቀን ያለበትን ቅጂ ይያዙ። በኋላ መመሪያውን በፍርድ ቤት ለመቃወም ቢፈልጉ፣ በስብሰባው ላይ ወይም ከስብሰባው በፊት በደረሰ ደብዳቤ ያልተነሣ ነጥብ ሊታገድብዎት ይችላል። መመሪያው በዞን (የመሬት አጠቃቀም) ድንጋጌ መልክ ከጸደቀም የመቃወሚያው ጊዜ 90 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ክሱ ፍርድ ቤት መግባት ብቻ ሳይሆን ለከተማው መድረስም አለበት፤ በ89ኛው ቀን ፋይል ከፍቶ ማድረሱን ለሚቀጥለው ሳምንት የተወ ሰው ጉዳዩን ያጣል።