መስኮቱ ጋ ለምትቀመጡት ልጆች

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ልጅ ድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ሥራ አገኘች። የምሥራቹን ልትነግረኝ ስትመጣ ቡና እያፈላሁ ነበር። «እትዬ፣ እርስዎ 35 ዓመት ሠርተዋል፤ እስቲ አንድ ነገር ይምከሩኝ» አለችኝ። ሰዓት አክብሪ፣ ፋይል እጅሽ ላይ አይጥፋ፣ ያልገባሽን ሳትፈሪ ጠይቂ አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዋናውን ነገር ሳልነግራት ቀርቼ ነበር። ስለዚህ ለእሷም፣ ዘንድሮ በየቀበሌውና በየቢሮው ለምትገቡት ሁሉም ልጽፈው ተነሳሁ።

ሥራ የገባሁት በ1979 ዓ.ም. በታይፒስትነት ነው። በ2014 በሰው ሀብት ቡድን መሪነት ጡረታ ወጣሁ። በመሃል ቀበሌም መዝገብ ቤትም ሠርቻለሁ፣ የባለጉዳይ መስኮት ላይ ብቻ ስምንት ዓመት ተቀምጫለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። መሥሪያ ቤቱ የተመቸው ሰው፣ ሌላው እንዳልተመቸው አይታየውም። ብዙ ጊዜ ክፉ ሰው ሆኖ እንኳ አይደለም፤ ቋንቋው የሱ ነው፣ በዓሉ የሱ ነው፣ ደረጃውን በሁለት በሁለት ይወጣዋል፣ ታዲያ ምን ብሎ ይጠርጥር? ለዚህ ነው መሥሪያ ቤቱን ለሁሉም የማመቻቸቱ ሥራ ከተመቸን ሰዎች መጀመር ያለበት።

እኔም አልታየኝም ነበር። አንድ ሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ከገጠር ቀበሌ መጡ፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው። በኦሮምኛ አናገሩኝ። እኔ ከዚራ ተወልጄ ያደግኩ የድሬ ልጅ ነኝ፣ ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ገበያ ወጥቼ ዋጋ እከራከርበታለሁ። ቢሮ ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆን ነበር። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው ብዬ «አባባ፣ የሚያስተረጉም ሰው ይዘው ይምጡ» አልኳቸው፣ በአማርኛ። ወረቀታቸውን መልሰው ጠቅልለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሊስትሮ ልጅ ይዘው ተመለሱ። ለካ የመጡት የልጃቸውን ሞት ሊያስመዘግቡ ነው። የልጃቸውን ሞት መንገድ ላይ ላገኙት ልጅ ነገሩ፣ እሱ ደግሞ ለእኔ ነገረኝ። እኔ እኮ ጠዋትም እሰማቸው ነበር።

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

የአስተዳደሩ የሥራ ቋንቋ አማርኛ መሆኑ እውነት ነው። ደብዳቤው፣ ቃለ ጉባኤው፣ ማኅደሩ በአማርኛ ይጻፋል። በሌላ ቋንቋ ሰላም አትበሉ፣ በሌላ ቋንቋ አታስረዱ የሚል ሕግ ግን አላየሁም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ድሬዳዋ 341,834 ሰው ነበራት። ከዚህ ውስጥ 46 ከመቶ ያህሉ ኦሮሞ፣ 24 ከመቶው ሶማሌ፣ 20 ከመቶው አማራ ነው፤ ከዚያ ጉራጌው አለ፣ ሐረሪው አለ፣ ሌላውም አለ። እንግዲህ ከመስኮቱ ወዲያ የሚቆመው ሰው ብዙውን ጊዜ አማርኛን የሚናገረው ተውሶ ነው ማለት ነው። ደግሞ የተውሶ ቋንቋ በችግር ጊዜ ይጠፋል፤ ሰው ሲደነግጥ፣ ሲያዝን፣ ሲናደድ የእናቱ ቋንቋ ነው የሚመጣለት። ስለዚህ «አካም ጅርቱ» በሉ፣ «ኢስ ከ ወረን» በሉ። ሰዋስዋችሁ ቢበላሽ ማንም አይቀየማችሁም። ከየቋንቋው ሃያ ቃል፣ ለምሳሌ ማህተም፣ ፎቶ፣ ነገ፣ ፊርማ፣ ይቀመጡ፣ በወር ውስጥ ይለመዳል። የማትችሉት ሲገጥማችሁ ደግሞ የሚችል ባልደረባ ጥሩ። ባለጉዳዩን አስተርጓሚ ፍለጋ መንገድ አትስደዱት።

እርስ በርሳችሁም ያው ነው። አራት ሆናችሁ ቡና ስትጠጡ፣ ሦስቱ አራተኛው በማይሰማው ቋንቋ መሳቅ ከጀመራችሁ ያ ልጅ ብርጭቆውን እያየ ነው የሚቀመጠው። በቋንቋችሁ አውሩ፣ ደስ ይላል፤ ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ «እንዲህ ብሎ ነው የሳቅነው» ይበለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልግባ።

በድሮው የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል ቦታ ነበረ። ስንቱን ሞላሁ! ድሬ ላይ ደግሞ ያን ቦታ መሙላት ቀላል አልነበረም። አንድ ቀን 18 ዓመት የሞላው ልጅ መጣ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ፣ ያሳደገችው አያቱ ሶማሌ ሰፈር የኖረች። «ብሔር?» አልኩት። «ድሬ ብለሽ ጻፊልኝ» አለኝ። ቅጹ ላይ ድሬ የሚባል ብሔር የለም፣ በአባትህ ልጻፈው አልኩት። «እናቴስ?» አለኝ። ዝም አልኩ። የአባቱን ጻፍኩ፣ ማህተም መታሁ፣ ሰጠሁት። ልጁ መታወቂያውን ሳያየው ኪሱ ከተተው። ፋይዳ መታወቂያ ሲመጣ ብሔርም ሃይማኖትም እንደማይጠይቅ ሳውቅ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

የከተማችንን 40-40-20 ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሥልጣኑ 40 ለኦሮሞ፣ 40 ለሶማሌ፣ 20 ለሌላው። ስለ ክፍፍሉ እዚህ አልከራከርም፤ የፖለቲካ ሰዎች ይከራከሩበት። እኔ የማውቀው ቢሮ ውስጥ የሚያመጣውን ነው። ሰው ሲሾምም ሳይሾምም «በኮታው ነው» ይባላል። ጎበዙም ሰነፉም በአንድ ቃል ይጠቀለላል። አዲስ ልጅ ገብቶ ገና ወንበሩን ሳይስብ «የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ይህን ጥያቄ እናንተ አትጠይቁ። የተጠየቃችሁ እንደሆነ ደግሞ «የፋይናንስ ክፍል ነው» ብላችሁ መልሱ፣ ኮስተር ብላችሁ። ኮታ ወንበሩን ይሰጣል፤ ምሳ ሰዓት ላይ «ና አብረን እንብላ» የሚለው ግን ከጎኑ የተቀመጠው ሰው ነው።

ቅጥር ላይ የሚሆነውንም ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ኮሚቴ ትሆናላችሁና። የሰው ሀብት ሥራ ላይ እያለሁ የቃለ መጠይቅ ነጥቦችን ሳገላብጥ አንድ ነገር ደጋግሞ አስደነገጠኝ። የጽሑፍ ፈተናው ላይ እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች ቃለ መጠይቅ ላይ በሰፊው ይለያያሉ። ማስታወሻው ላይ «ተግባቢ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ከማን ጋር ተግባቢ? ሲጣራ ጠያቂውና ልጁ የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ ስለ አገር ቤት አውርተው ተሳስቀው ጨርሰዋል። ጠያቂው አድልቻለሁ ብሎ አያስብም፣ ቢምል እውነቱን ነው። የሚያድነው ነገር ቀላል ነው፦ ጥያቄዎቹንና የእያንዳንዱን ነጥብ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጻፉ፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቁ፣ ነጥባችሁን ሳትነጋገሩ ለየብቻ ስጡ። ከዚያ በኋላ ተወያዩ። ይህን ካላደረጋችሁ ልባችሁ ንጹሕ ቢሆንም ወረቀቱ ያዳላል።

ሃይማኖት ላይ ከእናንተ በፊት የነበሩት ብዙ ከፍለዋል። ዛሬ ዓርብ ዓርብ የመንግሥት ቢሮ ከ5:30 እስከ 7:30 ሲዘጋ እንደ ተራ ነገር ነው የምታዩት። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው። እኔ ልጅ እያለሁ ግን ዒድ እንኳ ቢሮ የሚዘጋበት በዓል አልነበረም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ለእኩልነት ሰልፍ ወጡ፣ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ፤ በዓላቱ ብሔራዊ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓቱ ላይ የተጻፈ አንድ መስመር ስንት ሰው «እኔም እዚህ እቆጠራለሁ» እንዲል እንዳደረገ አስቡት።

ያልተጻፈውን መስመር ደግሞ እናንተ ሙሉት። በረመዳን፣ በድሬ ሙቀት፣ ከሰዓት በኋላ የሦስት ሰዓት ሥልጠና አትጥሩ፤ ጠዋት አድርጉት። ረቡዕና ዓርብ ለስብሰባ ኬክ ስታዝዙ የጾም ነገር መኖሩን ጠይቁ። የስንብት ምሳ ላይ ሥጋ ሲታረድ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ሁለት ማዕድ መሆኑ የታወቀ ነው፣ ነውርም የለበትም፤ እኛ ግን አንድ ትልቅ ትሪ ሽሮና አትክልት መሃል ላይ ማስቀመጥ ጀመርን፣ ሁሉም ሰው ከአንድ ትሪ የሚቆርስበት። መጨረሻ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ያ ትሪ ሆነ።

ሴቶች ልጆቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው፣ ወንዶቹም አንብቡት። ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን ነው? እኔ 11 ዓመት ያዝኩ። የእጅ ጽሑፍሽ ያምራል ይሉኛል፣ ደስ ይለኛል። ቆይቶ ነው የገባኝ። የሚጽፍ ሰው አይናገርም። በ11 ዓመት ስብሰባ ውስጥ የኔ ስም ከገጹ ሥር «ቃለ ጉባኤ ያዥ» ተብሎ አለ፣ ሐሳብ አቀረበች ተብሎ ግን የትም የለም። ቡድን መሪ ስሆን በፊደል ተራ አደረግሁት፣ ወንድ ሴት ሳይባል። ከወንዶቹ አንዱ ተራው ደርሶ ሁለት ሰዓት ከጻፈ በኋላ «ለካ መጻፍና መናገር አብሮ አይሄድም» አለ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዲት አራት ዓመት ሙሉ ድምጿን ያልሰማነው ልጅ የግብር አሰባሰቡ ላይ ያለውን ስህተት ቁልጭ አድርጋ አስረዳች። ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቀው ነበር፤ እጇ ሥራ ይዞ ነው።

አካል ጉዳተኞችን በተመለከተ ሕጉን እወቁት፣ ብዙ አለቃ አያውቀውም። አዋጅ ቁጥር 560 ምናምን ብላችሁ እንዳትሄዱ፣ 568/2000 ነው። ቀጣሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ቦታና መሣሪያ ማመቻቸት አለበት። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ የሚከስ አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም የለበትም። የሕንፃ አዋጁ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር የሚገባበት እንዲኖረው ያዛል። ግን አዋጁን ስትጠቅሱ አለቃው ፊቱ ከተቋጠረ፣ ሌላ መንገድም አለ። አንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የጡረታ ማረጋገጫ የሚሰጠው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጡረተኞች! በዱላ፣ በልጅ ትከሻ፣ በየደረጃው እያረፉ ይወጣሉ። በጀት የለም ተባልን። እኛ ጠረጴዛውን ይዘን ወረድን። ምድር ቤት የነበረው የግዥ ክፍል ወደ ላይ ወጣ፣ እኛ ወደ ታች። ያስፈለገው የአንድ ቅዳሜ ጉልበት ነው። ሰው ራምፕ እስኪሠራ መጠበቅ የለበትም።

መዝገብ ቤት ደግሞ መስማት የተሳናት ባልደረባ ነበረችን። ከሁሉም ፈጣን ነበረች። ግን ለዓመታት ዜናው ሁሉ የሚደርሳት ባለቀ ሰዓት ነው፤ ስብሰባ ቀረ፣ ደመወዝ ገባ፣ እገሌ እናቱ ሞተች። አንድ ጊዜ የለቅሶ መዋጮ ያልሰጠችው እሷ ብቻ ሆነች፣ ማንም ስላልነገራት። ያን ቀን አልቅሳ ወጣች። ከዚያ በኋላ በር ላይ ሰሌዳ ሰቀልንና ማንኛውም ወሬ ከመወራቱ በፊት እዚያ ይጻፍ አልን። ሰሌዳው ለሁላችንም ጠቀመ። የምልክት ቋንቋም ጥቂት ጥቂት አስተማረችን፤ እኔ እስካሁን «ቡና ደረሰ» ማለት አልረሳሁም።

አንድ ጉዳይ ግን ሳልጨርስ ወጥቻለሁ፣ እሱን ለእናንተ ልተወው። በእኔ ጊዜ የነበረው የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው ይል ነበር። እኛም ክፍል ተመደበልን፣ ደብዳቤው ወጣ፣ በሩ ላይ ተለጠፈ። ከዚያ የተሰበሩ ወንበሮች ገቡበት፣ በላዩ ላይ አሮጌ ማኅደር። ወልደው የሚመለሱት ልጆች ጡት ለማጥባት ባጃጅ ይዘው ቤት ይመላለሳሉ፤ አንዷ ደክሟት ሥራዋን ለቀቀች። እኔ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስቱም «በሂደት ላይ ነው» ተባለ፣ ከዚያ ጡረታዬ ደረሰ። የእናንተም መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ክፍል ካለው ቁልፉን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ንብረት ክፍል ነው የሚቀመጠው። ወንበሮቹን በዝርዝር ጽፋችሁ አስፈርሙ፣ አለበለዚያ ንብረት ጠፋ ይባላል። መስኮቱን ክፈቱ፣ የድሬ አቧራ ብዙ ነውና ግድግዳውን በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። አራት ሰው ከሆናችሁ ከምሳ በፊት ትጨርሳላችሁ። ምንጣፉን እኔ አመጣለሁ።