አሮጌ ዊንዶውስ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ጊዜው ያለፈበትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም በሥራ ላይ ስለ ማቆየት የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጥያቄዎቹ ቢመሳሰሉም መልሶቻቸው ግን የተለያዩ ናቸው።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ አነስተኛ ማተሚያ ቤት አለኝ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያዘጋጀናቸው የእድር መተዳደሪያ ደንቦች፣ የሠርግ መጥሪያዎችና የትምህርት ቤት መጽሔቶች በሙሉ የሚገኙት ዊንዶውስ ኤክስፒ በተጫነበት አንድ ፔንቲየም 4 ኮምፒውተር ውስጥ ሲሆን፣ የተዘጋጁትም ፔጅሜከር በተባለው የገጽ ማቀነባበሪያ ፕሮግራምና በቀድሞው የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ስለ ጀመረ አዲስ ኮምፒውተር ገዛሁ። የኤክስፒን ሲዲ አስገብቼ ልጭንበት ስሞክር ግን ገና ከጅምሩ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና መጨረሻው «7ቢ» የሆነ የስህተት ቁጥር አሳይቶ ይቆማል። የጠራሁት ባለሙያም «ይህ ነገር አይሆንም» ብሎኝ ሄደ። እውነት መንገድ የለውም?

መልስ፦ ከጥያቄዎ በፊት ያሳሰበን የዲስኩ ድምፅ ነው። እባክዎ አሮጌውን ኮምፒውተር አሁኑኑ ያጥፉትና ዲስኩ እስኪገለበጥ ድረስ አያስነሡት፤ እንዲህ ያለ ድምፅ የጀመረ ዲስክ አንድ ቀን ተነሥቶ በማግሥቱ ላይነሣ ይችላል። ዲስኩን ከውስጥ ያስወጡና አይዲኢ ከተባለው የድሮ የዲስክ ማገናኛ ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ መቀየሪያ ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። ከዚያም ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፍላሽ አስነሥተው «ዲዲሬስኪው» በተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አንድ ፋይል ይቅዱት። ይህ ፕሮግራም በቅድሚያ ጤናማውን ክፍል ከቀዳ በኋላ የተጎዳውን እየተመላለሰ ይሞክራል፤ የሥራ መዝገብ እንዲይዝ ካዘዙትም መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ሰነዶቹን ብቻ መርጦ መቅዳት በቂ እንዳይመስልዎ። ፎንቶቹ፣ የግዕዙ ሶፍትዌር፣ ፔጅሜከር ራሱና ለዓመታት ያስተካከሏቸው ቅንብሮች ሁሉ በዚያ ዲስክ ላይ ስላሉ የሚያስፈልገው የዲስኩ ሙሉ ግልባጭ ነው።

አሁን ወደ ሰማያዊው ስክሪን እንምጣ። ያዩት ቁጥር «የምነሣበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም» ማለት ነው። ኤክስፒ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 ሲሆን፣ በሲዲው ውስጥ ያሉት ድራይቨሮች (ሲስተሙን ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚያግባቡት ፕሮግራሞች) የዚያን ጊዜ ዲስኮች ብቻ ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ኤኤችሲአይ የተባለውን የዲስክ አሠራርም ሆነ ዛሬ በየላፕቶፑ የሚገኘውን ኤንቪኤምኢ ዲስክ አያውቅም። ቀደም ሲል በነበሩት ማዘርቦርዶች ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚቀድመው የቅንብር ፕሮግራም) ውስጥ ገብቶ ከአይዲኢ በኋላ የመጣው የሳታ ዲስክ በአይዲኢ መልክ እንዲሠራ በማድረግ ችግሩን ማለፍ ይቻል ነበር፤ በአዲሶቹ ላይ ግን ይህ ምርጫ የለም። ዲስኩን ቢያልፉት እንኳ ሌሎች መሰናክሎች ይጠብቅዎታል። ኤክስፒ ዩኤስቢ 3ን ስለማያውቅ ኪቦርዱና ማውሱ ሊደነዝዙ ይችላሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚነሣው ዩኢኤፍአይ በተባለው አዲስ ሥርዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ባለ 32 ቢቱ ኤክስፒ ጨርሶ አይነሣም። በየአገሩ ያሉ ትጉሃን እነዚህን መሰናክሎች የሚያልፉ ድራይቨሮች ራሳቸው እየሠሩ ኤክስፒን በአዳዲስ ማሽኖች ላይ ያስነሣሉ፤ ችሎታቸውንም ከልብ እናደንቃለን። ሆኖም ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ለሚጠብቀው ማተሚያ ቤት ይህን መንገድ አንመክርም።

የሚሻለው መንገድ ሌላ ነው። አዲሱን ኮምፒውተር በአዲስ ዊንዶውስ ወይም በሊኑክስ እንዲሠራ ይተዉትና ኤክስፒን በውስጡ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በፕሮግራም አስመስሎ በተሠራ ኮምፒውተር ያኑሩት። ቨርቹዋልቦክስ የተባለው ፕሮግራም ለዚህ አገልግሎት በነፃ ይገኛል። ምስጢሩ፣ ይህ ፕሮግራም ለኤክስፒ የሚያሳየው አዲሱን ማሽን ሳይሆን አስመስሎ የሠራውን የድሮ ማሽን መሆኑ ነው። ኤክስፒ የሚያየው የዲስክ መቆጣጠሪያ ኢንቴል በ1990ዎቹ ያወጣው ፒአይአይኤክስ 4 የተባለው ሲሆን፣ የዚህ ድራይቨር ከሲዲው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ስለዚህ ኤክስፒ በለመደው ቤት ውስጥ የተነሣ ያህል ይሠራል።

የቀዱትን ፋይል ከቨርቹዋልቦክስ ጋር አብሮ የሚመጣው የትእዛዝ መሣሪያ ወደ ራሱ ዓይነት የዲስክ ፋይል ይለውጠዋል። ለማሽኑ 1 ጊጋባይት ሚሞሪ ይስጡት፤ ለፔጅሜከር ይበቃል። ዲስኩን በሳታ ሳይሆን በአይዲኢ መቆጣጠሪያ ሥር ያያይዙት። ፔንቲየም 4ዎ ሃይፐርትሬዲንግ (አንዱን ፕሮሰሰር እንደ ሁለት የሚያሠራው ዘዴ) ያለው ከነበረ በቨርቹዋልቦክስ ቅንብር ውስጥ አይኦ ኤፒክ የተባለውን ምርጫም ያብሩ፤ አለዚያ አይነሣም። ያም ሆኖ ያው የ7ቢ ስህተት ከመጣ ተስፋ አይቁረጡ። ማሽኑን ከኤክስፒው ሲዲ ያስነሡ፣ «አሁን ጫን» የሚለውን ይምረጡና ቀድሞ የተጫነውን ዊንዶውስ ሲያገኝ «ጠግን» የሚለውን ያዝዙት። ፕሮግራሞችዎና ሰነዶችዎ ሳይነኩ የዊንዶውስን ፋይሎችና ድራይቨሮቹን እንደገና ያስተካክላል። ቅጂው አስቀድሞ ስላለዎ ቢሳሳቱም እንደገና መሞከር ይችላሉ። ኤክስፒ ማሽኑ እንደ ተለወጠ ሲያውቅ በሦስት ቀን ውስጥ ፈቃዱን እንዲያድሱ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በአሮጌው ኮምፒውተር ጎን የተለጠፈውን የፈቃድ ቁጥር አስቀድመው ይገልብጡ። ከኮምፒውተር ጋር አብሮ የተሸጠ ፈቃድ ግን ከዚያው ኮምፒውተር ጋር የተሳሰረ መሆኑን ልንደብቅዎ አንወድም።

ለኅትመት ደግሞ የአዲሱን ፕሪንተር ድራይቨር ለኤክስፒ በመፈለግ ጊዜዎን አያባክኑ። ከፔጅሜከር ገጹን ፎንቶቹን ጨምሮ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጡና ፋይሉን በጋራ ፎልደር ወደ አዲሱ ዊንዶውስ አውጥተው ከዚያ ያትሙ። ከሁሉ በላይ ግን የቨርቹዋል ማሽኑን የኔትወርክ ካርድ ያጥፉት። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የደኅንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል እየቆለፈ ቤዛ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ ኩባንያው ለኤክስፒ ጭምር ማሻሻያ ለማውጣት ተገድዶ ነበር፤ ይህ ግን በየጊዜው የሚደረግ አይደለም። ለማተሚያ ቤት ሥራ ኤክስፒ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በአንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የምርመራ መሣሪያችን ውጤቱን የሚልከው በሲሪያል ገመድ ዊንዶውስ 98 ወደ ተጫነበት ኮምፒውተር ነው። መሣሪያው ራሱ ደኅና ነው፤ የተቃጠለው የኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ነው። ዊንዶውስ 98ን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ብጭነው ይሠራል?

መልስ፦ ከዊንዶውስ ኤክስፒም ይልቅ ይከብዳል። ዊንዶውስ 98 ከ512 ሜጋባይት በላይ ሚሞሪ ሲያገኝ ይታወካል፣ ከ1 ጊጋባይት ካለፈ ደግሞ አልነሣም ሊል ይችላል። የአሠራር ፍጥነትም ራሱ እንቅፋት ነው። ከዊንዶውስ 98 በፊት የነበረው ዊንዶውስ 95 ለምሳሌ ኤኤምዲ በ1990ዎቹ መጨረሻ ባወጣቸው 350 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ በሆኑ ፕሮሰሰሮች ላይ ሲነሣ ይወድቅ ነበር፤ የጊዜ መለኪያው ዙር ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ስለሚያልቅ ያለፈው ጊዜ ዜሮ ሆኖ ይገኝና ኮምፒውተሩ ለዜሮ ለማካፈል ይገደዳል።

ለማተሚያ ቤቱ ቨርቹዋል ማሽን ብንመክርም ለእናንተ ምክራችን ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው በጊዜ ልክ ከሆነ በመካከል የሚገባ ማንኛውም መዘግየት መረጃ ሊያስጥል ይችላል፤ እዚህ ደግሞ የሚጠፋው የታማሚ ውጤት ነው። ስለዚህ ባለ 9 ፒን ሲሪያል ፖርት ያለው የዚያው ዘመን ያገለገለ ኮምፒውተር ፈልጉ። በኮምፒውተሩ ውስጥ አይኤስኤ የተባለው የድሮ ዓይነት ተጨማሪ ካርድ ካለበት ለፋብሪካዎች ተብለው የሚሠሩና የዚህን ካርድ መሰኪያ የያዙ ማዘርቦርዶች ዛሬም ይገኛሉ። ያረጀውን ሃርድ ዲስክ በኮምፓክት ፍላሽ ካርድ መተካት ይቻላል፤ ካርዱ የአይዲኢን ቋንቋ ስለሚናገር ርካሽ መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። የማዘርቦርዷን ባትሪም አብራችሁ ቀይሩ፤ ባትሪዋ ከሞተች ቀኑ ይሳሳትና ውጤቶች በተሳሳተ ቀን ይመዘገባሉ። ኮምፒውተሩ ከተተካ በኋላ ውጤታቸው አስቀድሞ በሚታወቅ የመቆጣጠሪያ ናሙናዎች ሳትፈትሹ የአንድም ታማሚ ውጤት አታውጡ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ነው። አባቴ ከማረፉ በፊት የጻፋቸው ትዝታዎች በፍሎፒ ዲስኮች ላይ አሉኝ። አንዱን አስከፍቼ ባየው የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ብቻ ነው የወጣው። ለማንበብ የድሮ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር መግዛት አለብኝ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። ደግነቱ የሚያስፈልግዎ ኮምፒውተር ሳይሆን ፎንት ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት መያዝ የሚችለው 256 ቦታ ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ 32 ለመቆጣጠሪያ ትእዛዝ ስለ ተያዙ የሚቀሩት 224 ነበሩ። የእኛ ሠላሳ ሦስት ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላ ፊደላቱና አኃዞቹ ገና ሳይቆጠሩ ቦታው አለቀ። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፋፍለውት ነበር፣ ሌሎቹ ደግሞ ቅጥያዎቹን ለብቻ አድርገው ይገጣጥሙ ነበር። ያዩት ዝብርቅርቅ አማርኛው በላቲን ቦታዎች ላይ ተቀምጦ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለምን ፊደላት በአንድ ሥርዓት በሚቆጥረው በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣው ደግሞ በቪስታ ጊዜ «ኒያላ» በተባለው ፎንት ነው።

አባትዎ የተጠቀሙበትን ፎንት ስም ፋይሉን በወርድ ከፍተው ጽሑፉን ሲነኩት በፎንት ሳጥኑ ውስጥ ያገኙታል፤ ከቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ወይም የፓወር ግዕዝ እትሞች አንዱ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ፎንት አግኝተው በዛሬው ዊንዶውስ ላይ ቢጭኑት በአብዛኛው ጽሑፉ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ ሲያስለውጡት እንደ «ሟ» እና «ሏ» ያሉትን ፊደላት በልዩ ጥንቃቄ ይዩልን፤ ልወጣው ብዙ ጊዜ የሚስተው እዚያ ላይ ነው። ፍሎፒዎቹን በዩኤስቢ የፍሎፒ ማንበቢያ ከመክፈትዎ በፊት ግን በጥጋቸው ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ቀዳዳዋ እስክትታይ ድረስ ይግፏት፤ ቀዳዳዋ ክፍት ስትሆን በዲስኩ ላይ በስህተት ሊጻፍበት አይችልም።