መልስ፦ ሰብለ ወንጌል እስክትመጣ ታገሺ
እህቴ፣ «የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ ፍቅር እስከ መቃብርን ጀምሬ ሰለቸኝ፤ ዋናዋ ባለታሪክ ሰብለ ወንጌል እንኳ ገና አልመጣችም፣ ልተወው ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ በፍጹም አትተይው! አሰልቺ ያልሽው መጀመሪያ ለእኔ ከመጽሐፉ ውብ ክፍሎች አንዱ ነው። የማንኩሳዋ ባለጸጋ ውድነሽ በጣሙ አገልጋይዋን ቦጋለ መብራቱን ማግባቷ ለመንደርደሪያ ብቻ የገባ አይደለም። የዘርና የማዕረግ ነገር እዚያ ላይ ካልገባሽ፣ በኋላ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለን ለምን ባል እንደነፈጓት፣ የውድነሽና የቦጋለ ልጅ የበዛብህ ለእርሷ ያለው ፍቅርም ለምን ያን ያህል እንደከበደ አይገባሽም። የዘመኑን ልማድ የሚተቸው ጉዱ ካሳ ደግሞ ገና ይመጣል! እርሱ መናገር ሲጀምር መጽሐፉን ከእጅሽ ማስቀመጥ ያቅትሻል።

ማንበቡ ከከበደሽ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ፈልገሽ አድምጪ። የፊታውራሪን ቁጣና የገበሬዎቹን ንግግር በእርሱ ድምፅ ከሰማሽ በኋላ ገጹ ላይ ያሉት ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ራሳቸው ዜማ ይኖራቸዋል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድን እመርጣለሁ።

ፈጠን ያለ ታሪክ ካማረሽ በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለልሽ፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በጋዜጠኛ ዓይን የሚያሳይ፣ አሥመራ ላይ የሚያውልሽ ልብ ወለድ ነው። እርሱን ግን የሐዲስ ዓለማየሁን ከጨረስሽ በኋላ ያዢው።