ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሬሾው ከ38 በልጧል» ተባልኩ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ26 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ሞቶብኝ ስመረመር አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (ሰውነት በራሱ ላይ በሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት የተነሳ ደም በቀላሉ የሚረጋበት በሽታ) ተገኘብኝ። አሁን አስፕሪን እውጣለሁ፣ በየቀኑም ደም እንዳይረጋ የሚረዳ የሄፓሪን መርፌ እወጋለሁ። ሰሞኑን የእንግዴ ልጁን ሁኔታ ለማየት ብለው ደም ወሰዱና «ሬሾው 52 ነው፣ ከ38 በልጧል» አሉኝ። ደም ግፊቴ ደህና ነው። መርፌው አልሠራም ማለት ነው? ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት! ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለን እንየው።

የእንግዴ ልጅ ወደ እናት ደም ከሚለቃቸው ነገሮች ሁለቱ እዚህ ያስፈልጉናል። አንዱ ፕላሴንታል ግሮውዝ ፋክተር ነው። የደም ሥሮች እንዲያድጉና ጤናማ ሆነው እንዲቆዩ ይረዳል። ሌላው ኤስ-ፍልት-1 ይባላል። እሱ ደግሞ የመጀመሪያውን ይዞ ሥራ ያስፈታዋል። የእንግዴ ልጁ ሲጎዳ የመጀመሪያው ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ይጨምራል። ሬሾው ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ነው፤ ዝቅ ሲል ጥሩ ነው።

የእርስዎ በሽታ ስሙ ከደም መርጋት ጋር ስለተያያዘ ሰው ሁሉ የሚያስበው መርጋቱን ብቻ ነው። ፀረ እንግዳ አካላቱ ግን ደም ሳይረጋም የእንግዴ ልጁን ሴሎች ያውካሉ፣ ያስቆጣሉ። ፕሪኢክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ደም ግፊት ከፍ የሚልበትና የአካል ክፍሎች የሚጎዱበት አደገኛ በሽታ) እና የጽንስ አለማደግ የሚበዛው አንድም በዚህ ነው። ሐኪሞችዎ ይህን ምርመራ ማዘዛቸው ተገቢ ነው።

ወደ 38 እንምጣ። ሬሾው 38 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሚቀጥለው አንድ ሳምንት ውስጥ ፕሪኢክላምፕሲያ የመከሰቱ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። ምርመራው ጎበዝ የሆነው «የለም» በማለት ነው። «አለ» ሲል ግን ያን ያህል አይታመንም። በሽታው ተጠርጥሮባቸው ከ38 በላይ ከወጣባቸው ሴቶች መካከል እንኳ በቀጣዮቹ 4 ሳምንታት የታመሙት ከግማሽ በታች ነበሩ። ከ34 ሳምንት በፊት በጣም የሚያሳስበን ከ85 ሲያልፍ ነው። 52 መሀል ላይ ነው፤ ክትትል ይጥበቅ የሚል ቁጥር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ኤስ-ፍልት-1 በከፊል የደም ሥር ግድግዳና የእንግዴ ልጅ ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ሄፓሪን ያላቅቀውና ወደ ደም ይለቀዋል። ስለዚህ ከመርፌው በኋላ ለምርመራ ደም ከተወሰደ፣ የእንግዴ ልጁ ምንም ሳይሆን ሬሾው ከፍ ሊል ይችላል። ደም የሰጡት መርፌውን በወጉ በስንት ሰዓቱ ነበር? ይህን ለሐኪምዎ ይንገሩ። እኔ ብሆን የግሮውዝ ፋክተሩን መጠን ለብቻው አያለሁ፤ ከአንድ ወይም ሁለት ሳምንት በኋላም እዚያው ላቦራቶሪ፣ ከዕለቱ መርፌ በፊት፣ ምርመራውን አስደግማለሁ። አንድ ቁጥር ብቻውን ብዙም አይነግረኝም፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ነው ማየት የምፈልገው።

እስከዚያው የሽንት ፕሮቲን ምርመራና የጽንሱን እድገትና የደም ፍሰት የሚያሳይ አልትራሳውንድ ያስፈልግዎታል። ግፊትዎን ቤት ይለኩ። 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘዎት፣ ዓይንዎ ከተብረቀረቀ፣ ከቀኝ ጎድንዎ ሥር ካመመዎት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ቀጠሮ አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።