«እሺ» ማለት እሺ ማለት ካልሆነስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት የይሖዋ ምሥክሮች መጥተው በር ያንኳኳሉ። ትሁት ናቸው፣ እናትሽም ታስገባቸዋለች። አንቺ ኦርቶዶክስ ነሽ። ማባረሩ ነውር ሆኖብሻል፣ ዝም ማለቱም ከብዶሻል። «ሳላስቀይም ምን ልበላቸው?» ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ይኸው ነገር ገጥሞኛል። ሦስት ዓይነት መልስ ሞክሬ ሁለቱ ከሽፈውብኛል።

ያኔ ሴት አያቴ ለዓይኗ ሕክምና ከዘጌ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። የዘጌ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አንድ ከረጢት የጓሮዋን ቡና ይዛለች። ሁለት ሴቶች፣ የይሖዋ ምሥክሮች፣ በሩን ያንኳኩት ቡናው ምጣድ ላይ እያለ ነው። ቡና እየተቆላ በር ላይ የቆመን ሰው «ግቡ» አለማለት ለአያቴ ከኃጢአት ይቆጠራል። ገቡ። ከአቦል እስከ በረካ ተቀመጡ። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው አነበቡላት። እሷም «እሺ ልጆቼ፣ እሺ» እያለች ሰማች። ሲነሱ ደግሞ «በሉ ሌላ ጊዜ እንጫወታለን» ብላ ሸኘቻቸው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጡ። በሦስተኛውም መጡ።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። አያቴ «እሺ» ስትል «ሰምቻችኋለሁ፣ አላሳፍራችሁም» ማለቷ ነው። «ሌላ ጊዜ» ስትል ደግሞ «በቃ» ማለቷ ነው። ሁላችንም እንዲህ ነን። ብድር ለጠየቀንም፣ የማንሄድበት ሠርግ ለጠራንም «እስቲ እናያለን» እንላለን እንጂ «አይሆንም» አይወጣንም። እንግዶቹም አፋቸውን የፈቱት በአማርኛ ነው፤ ነገሩ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ግን የሰማቸውን ሰው ተመልሶ ማነጋገር የአገልግሎታቸው ክፍል ነው። ስምም አለው፤ «ተመላልሶ መጠየቅ» ይሉታል። ይህን የነገረችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እሷም የይሖዋ ምሥክር ናት። «አያትሽ እኮ ሌላ ጊዜ ብለዋቸዋል፤ ታዲያ ለምን አይመጡ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ሁለተኛው ሙከራ የእኔ ነው፣ ባስታወስኩት ቁጥር አፍራለሁ። በአራተኛው ቅዳሜ በሩ ላይ ቀድሜ ጠበቅኋቸው። ሌሊቱን ጥቅስ ስለቅም ነው ያደርኩት። ሥላሴን እንደማይቀበሉ፣ ገናን እንደማያከብሩ፣ መስቀል እንደማይሳለሙ አውቃለሁ። ዮሐንስ 1፥1 ላይ ጀመርን። እኔ «ቃልም እግዚአብሔር ነበረ» እላለሁ፣ እነሱ ሌላ ጥቅስ ያወጣሉ። ያንን ስመልስ ሌላ። ከአንድ ሰዓት በላይ ፀሐይ ላይ ቆምን። ድምፄ እየጨመረ ሄደ፣ የእነሱ ግን ያው ነው። ለካ በየሳምንቱ ስብሰባቸው በር ላይ የሚሉትን እርስ በርስ ይለማመዱታል! እኔ ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤት ከወጣሁ ስንት ዘመኔ።

ይባስ ብሎ ጎረቤታችን ጋሼ ከአጥሩ ማዶ ሆነው «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ!» ብለው ጮኹ። ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔም ሳቅሁ።

ማታ ግን አሰብኩበት። ጋሼ የጠሩት ታሪክ የዚሁ የጣና ሐይቅ ነው። የካቶሊክ ሚስዮናውያኑ እነ ፔድሮ ፓኤዝ እዚያ ማዶ ጎርጎራ ነበሩ። አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነታቸውን በይፋ አሳወቁ፣ አገር ተነሣ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅደው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ያ ግን የንጉሥ ትእዛዝ ነበር። እኔ በር ላይ የቆሙት ሁለት ሴቶች ጃንጥላና ቦርሳ እንጂ ጦር የላቸውም። «አልፈልግም» ብል የሚደርስብኝ ነገር የለም። ታዲያ ለምንድን ነው አንድ ሰዓት ሙሉ የጮኽኩት? አንዲቷን ቃል ላለማለት ነው።

በአምስተኛው ቅዳሜ አልኳት። በሩን ከፈትኩ፣ ሰላም አልኳቸው፣ «ግቡ» ግን አላልኩም። ምላሴ ላይ መጥታ ነበር፣ ዋጥኳት። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦ «ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ኦርቶዶክስ ነን፣ ስለ ሃይማኖት መነጋገር አንፈልግም። እባካችሁ ከዚህ በኋላ ለዚህ ጉዳይ አትምጡብን።» መጽሔቱን ሲዘረጉልኝም አልተቀበልኩም። ለይሉኝታ ብለሽ ከተቀበልሽ «አነበብሽው ወይ?» ብሎ ለመምጣት ምክንያት ይሆናል። አንዷ «እሺ፣ እናከብራለን» አለችኝ። የእሷ «እሺ» የእውነት ነበር።

ባልደረባዬ እንዳለችኝ እንዲህ በግልጽ የተናገረ ቤት ይመዘገባል፣ ሌሎቹም ያልፉታል። ምናልባት ቆይቶ አንድ ሰው ሐሳባችሁ ተለውጦ እንደሆነ ሊጠይቅ ይመጣል። ያው ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። በስልክ ቢመጡም ያው ነው። በኮሮና ጊዜ፣ ከ2012 እስከ 2014 መጨረሻ፣ በር ማንኳኳቱን ትተው በደብዳቤና በስልክ ነበር የሚሰብኩት።

ሌሎች ለጥያቄሽ ከሰጡት መልስ መካከል «ውሻ ልቀቂባቸው» ያለሽ ሰው አይቻለሁ። ተይው። «መናፍቅ» እያሉ መሳደቡም አይጠቅምም፤ ሰፈር ሰምቶ ልጆች ድንጋይ ቢያነሱ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 27 ላይ ሃይማኖትን የማስተማር መብት ሰጥቷቸዋል፣ አንቀጽ 26 ደግሞ የቤትሽን ነገር ላንቺ ትቶልሻል። በሩ ላይ ሁለቱም ይሠራሉ።

አሁን ወደ እናትሽ ልመለስ፤ ከሴቶቹ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው። እኔ ያን ቃል የተናገርኩት አያቴን ሳልጠይቅ ነው። በስድስተኛው ቅዳሜ ቡናው ተፈልቶ ሲኒው ተደርድሮ «ዛሬ ቀሩ እንዴ?» አለችኝ። «ከልክያቸዋለሁ» ስላት ዝም አለች። ቆይታ «እኔ እኮ ማዕተቤን ልበጥስ አልነበረም። አንቺ ቅዳሜም ሥራ ነሽ፣ ዓይኔ አያነብልኝ፣ የሚያጫውተኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነው» አለች።

ስለዚህ መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያት። እምነታቸው ስቧት ከሆነ አዋቂ ናት፣ ውሳኔው የእሷ ነው፤ ከፈለገች የንስሐ አባቷን ታነጋግር። ይሉኝታ ይዟት ከሆነ ግን ቃሉን አንቺ በይላት፣ እሷ ባለችበት ይሁን እንጂ። ብቸኝነት ከሆነ ደግሞ በር ላይ የምትይው ነገር አይፈታውም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዬን ትቼ ቡናው ላይ መቀመጥ ጀመርኩ። ዳዊቱንም አነብላት ነበር፣ አነባበቤን እያረመች።

ከሴቶቹ አንዷ አሁንም በሰፈራችን ታልፋለች። አያቴ ወደ ዘጌ እስክትመለስ ድረስ በር ላይ ስታገኛት «ልጆችሽ ደኅና ናቸው?» ትላት ነበር። «ደኅና ናቸው እማማ፣ ዓይንዎስ?» ትላታለች። መጽሔት አውጥታ አታውቅም።