ነቅቼ ነው የሚሰፉኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጣና ዳር ዓሣ እያጸዳሁ ነው የምተዳደረው። ከሦስት ቀን በፊት አምባዛ ስገፍ ቢላዋው አዳለጠኝና የግራ እጄን ሌባ ጣት ከሥሩ ቆረጠኝ። ቁስሉ ትንሽ ነው። ግን በአውራ ጣት በኩል ያለው ጎኑ ደንዝዟል፣ በመርፌ ብወጋው እንኳ አይሰማኝም። ሐኪሙ ነርቭ ተቆርጧል፣ ይሰፋል አለኝ። እሺ አልኩ። "አትተኛም፣ ጣትህን ብቻ ነው የምናደነዝዘው" ሲለኝ ግን ላብ አጠመቀኝ። ለምን አያስተኙኝም? ድሃ ስለሆንኩ ነው?
ደ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድማለም፣ ድህነትህ እዚህ ውስጥ የለበትም። ካናዳ ውስጥም እንዲህ ይሠራል፤ እንዲያውም ዘዴውን በዓለም ካስፋፉት አንዱ ዶናልድ ላሎንድ የሚባል ካናዳዊ የእጅ ቀዶ ሐኪም ነው።

ድሮ የሚያስተኙት በአብዛኛው በማሰሪያው ምክንያት ነበር። የጣት ነርቭ ቀጭን ነው፣ ደም ከሸፈነው አይታይም። ስለዚህ ክንድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ያንን ደግሞ ነቅቶ ለረጅም ሰዓት የሚችል ሰው የለም። አሁን ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ይወጋል። አንዱ ያደነዝዛል፣ ሌላው የደም ሥሮቹን ያጠባል። ማሰሪያው ሲቀር መተኛቱም ቀረ። ጥርስ ተነቅለህ ከሆነ ይሄን መርፌ ሳታውቀው አልቀረህም።

"አድሬናሊን ጣት ያደርቃል" የሚልህ ሊኖር ይችላል። የድሮ መጻሕፍት እንደዚያ ይሉ ነበር። በኋላ ሲጣራ ዋናው ጥርጣሬ ያረፈው ፕሮኬይን በሚባለው የቀድሞ ማደንዘዣ ላይ ነው፤ ሲቆይ አሲድ ይሆን ነበር። አንተ የምትወጋው ሊዶኬይን ግን ሌላ ነው፤ ገበያ ላይ የወጣውም በ1948 እ.ኤ.አ. ነው። ብቻ የልብ ወይም የደም ሥር ሕመም ካለብህ፣ ወይም ማደንዘዣ ተወግተህ አስቸግሮህ ከነበረ፣ አስቀድመህ ንገራቸው።

መርፌው ሲገባ ያቃጥላል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል ትቀመጣለህ፤ ወግተውኝ ረሱኝ ብለህ እንዳትናደድ፣ አድሬናሊኑ ሥራውን የሚሠራው ያኔ ነው። ጣትህ ይነጣል። ልብህም ድው ድው ሊል ይችላል፣ ቡና አብዝተህ እንደጠጣህ ቀን ማለት ነው፣ ያልፋል።

ሲሰፉህ መነካቱና መሳቡ ይሰማሃል፣ ሕመሙ ግን የለም። ካመመህ ጥርስህን ነክሰህ አትቻለው፣ ተናገር፣ ይጨምሩልሃል። ማየት ካልፈለግህም ይጋርዱልሃል። ከፀጉር በቀጠነ ክር ሰፍተው ሲጨርሱ "እስቲ እጠፍ፣ ዘርጋ" ሊሉህ ይችላሉ። እኔ የምወዳት ይቺን ነው። ጣትህ ሲዘረጋ ስፌቱ ይወጠር አይወጠር ሐኪሙ እዚያው በዓይኑ ያያል። የተኛ ሰው ይሄን አያደርግለትም።

እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። ከጣትህ ሥር እስከ ጫፉ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ብንል ሦስት ወር ቢፈጥን ነው፤ ስሜቱም እንደ ድሮው ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ጉንዳን እንደሚሄድበት መንዘር ሲጀምርህ ደስ ይበልህ፣ እያደገ ነው። እስከዚያ ግን መጥበሻ ዘይት አጠገብ ተጠንቀቅ። የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን የምታውቀው ሲሸትህ ነው።

ወጌሻ ያሸው የሚሉህን አትስማ፤ የተቆረጠ ነርቭ በመታሸት አይገጥምም። በቆየ ቁጥር ጫፎቹ ይሸሻሉ፣ ጠባሳ ይይዛቸዋል፣ መስፋቱም ይከብዳል። ቀጠሮህ መቼ እንደሆነ አልጻፍክልኝም። ከሳምንት በላይ ከራቀብህ ነገ ሄደህ ይቅረብልኝ በል።