ዝም ስላልኩ ፈቅጃለሁ ማለት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ስልክ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ውስጤን ነክቶኛል።

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 29 ነው፤ የምኖረው ገርጂ ነው። ባለፈው ጥር ለእህቴ ሠርግ ጸጉሬን ልሠራ ሰፈራችን ያለ የውበት ሳሎን ገባሁ። ለዓመታት ጠበቅ ያለ ሹሩባ ስሠራ ስለኖርኩ ከግንባሬ በላይ ጸጉሬ ተመልጧል። አንዷ ልጅ ሂውማን ሄር ስትሠራልኝ ሌላዋ በስልክ ትቀርጽ ነበር። ለራሷ መስሎኝ ምንም አላልኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ ቲክቶክ ላይ አሳየችኝ። መጀመሪያ የተመለጠው ጸጉሬ በቅርበት ይታያል። ከዚያ ተውቤ እስቃለሁ። ‹በፊት እና በኋላ› ይላል፤ ከሥሩ የሳሎኑ ስልክ ቁጥር አለ። ሄጄ አጥፉልኝ ስላቸው ባለቤቷ ‹አምሮብሻል እኮ፣ ደግሞ ስትቀረጪ ዝም ብለሽ ነበር› አለችኝ። አሁን ቢሮ የምገባው ሻሽ አስሬ ነው። የፈረምኩት ወረቀት የለም። መብት አለኝ?»

እህቴ፣ አለሽ። ደግሞ ከቲክቶክ ጋር የመጣ መብት አይደለም። ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ለትምህርት ቤት መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተነሣሁ። በሳምንቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ራሴን የፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰቅዬ አገኘሁት። ፎቶ አንሺው ጉርዷን አሳድጎ፣ ጉንጬን በቀለም አቅልቶ፣ በአንድ ወታደርና በአንዲት ሙሽራ መሃል ለጥፎኛል። የክፍላችን ወንዶች «የመስኮቷ» ብለው ይጠሩኝ ጀመር። መንገድ ቀይሬ መሄድ ጀመርኩ። አባቴ ሲሰማ ጋቢውን እንደለበሰ ተነሥቶ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ሰውየው «ልጅዎ ቆንጆ ስለሆነች ነው፣ ሊደሰቱ ይገባል» አለው። አባቴ «ጠይቀሃታል?» አለ። ሌላ ነገር አልተናገረም። ፎቶው ወረደ። በአራት ማዕዘኑ የስፒል ቀዳዳ እንዳለበት አሁንም ቤቴ አለ።

አባቴ የሕግ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። ሕጉ ግን ያን ጊዜም ከእሱ ጋር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዛሬም የምንሠራበት፣ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ ይከለክላል። ሕጉን ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው፤ እሱም ሆነ ያጸደቁት ሰዎች ስለ ስማርት ስልክ አያውቁም። ግን ሺህ ሰው በየኪሱ ይዞት የሚዞረው ቪዲዮ አደባባይ ላይ አልወጣም የሚል ካለ፣ እኔ ልከራከረው ዝግጁ ነኝ።

አንቀጽ 28 ከዚህ የሚወጡ ነገሮች አሉት። ታዋቂ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆንሽ፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ ሲያስገድድ፣ ወይም ነገሩ በአደባባይ የተደረገ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ጥምቀት ላይ ጃንሜዳ ቆመሽ ካሜራ ቢያገኝሽ ብዙም አትከራከሪም። የሳሎን ወንበር ግን ጃንሜዳ አይደለም።

አሁን ወደ «ዝም ብለሽ ነበር» ልምጣ። በጣም ያናደደኝ ይህ ነው። ራስሽን ሰው ይዞታል፣ ጸጉርሽ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ቀርቷል። ተነሥተሽ ልትሄጂ አትችዪ። ማን ሊያየው እንደሆነ አልነገሩሽም። ይህን ዝምታ ማንም እሺታ ሊያደርገው አይገባም። የተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ የበለጠ ግልጽ ነው። ፈቃድ የሚባለው ሰው በነፃነት፣ ለምን እንደሆነ አውቆ፣ በማያሻማ መንገድ የሰጠው ነው። ከዚያም በኋላ ሊያነሣው ይችላል። ስለዚህ ያን ቀን «እሺ ለጥፉት» ብለሽ ቢሆን እንኳ፣ ዛሬ «አይ፣ ይበቃኛል» ማለት መብትሽ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ቪዲዮውን ከመጥፋቱ በፊት ራስሽ ቅጂ ያዢ። ሊንኩን፣ ቀኑን፣ ስንት ሰው እንዳየው የሚያሳየውን ስክሪን ሾት አንሺ። ብዙዎች ተናደው ቶሎ ያስጠፉና ማስረጃ አጥተው እኔ ጋ ይመጣሉ። ከዚያ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፤ ቪዲዮው ያለ ፈቃዴ ተለጥፏል፣ አጥፉ፣ በቃ። በሁለት ቅጂ አድርጊው፤ አንዱን ሰጥተሽ በሌላው ላይ አስፈርሚያቸው። አንፈርምም ካሉ ያንኑ ቃል በቴክስት ላኪላቸው። እስካሁን የጠየቅሻቸው በአፍ ነው። በጽሑፍ ስትጠይቂ ቀን ይኖረዋል፤ ፍርድ ቤት ብትሄጂ ከጠየቅሽ በኋላ ለስንት ቀን እንዳቆዩት ይታያል። ለቲክቶክም እዚያው መተግበሪያው ላይ ሪፖርት አድርጊ።

አሁንም እምቢ ካሉ ፍርድ ቤት እንዲነሣ ሊያዝልሽ ይችላል። ካሣ ሲተምንም በምስልሽ ያገኙትን ጥቅም ማየት ይችላል። እነሱ «አምሮብሻል» ይበሉ እንጂ፣ የተመለጠው ጸጉርሽ ያለ ክፍያ ደንበኛ እየጠራላቸው ነው። በአዲሱ አዋጅ ደግሞ አቤቱታ የሚቀበለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቴሌኮሙን የሚቆጣጠረው ያው መሥሪያ ቤት ማለት ነው። እኔ ብሆን ለዚህ ሥራ ብቻ የቆመ፣ ማንንም የማይፈራ ራሱን የቻለ ተቋም እመርጥ ነበር። ግን ያለው በር ይህ ነው፤ አንኳኪው።

ባለቤቷ «ከተናገርሽ ሌላም እንለጥፋለን» ወደሚል ማስፈራራት ከገባች ነገሩ ከፍትሐ ብሔር ሊያልፍ ስለሚችል ቶሎ ጻፊልኝ።

ሳሎን ያላችሁ አንባቢዎቼም ስሙኝ። ከመቅረጻችሁ በፊት «ልንቀርጽሽ ነው፣ ቲክቶክ ላይ እናወጣዋለን፣ ፈቃደኛ ነሽ?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ብዙዎች ደስ ብሏቸው እሺ ይሏችኋል።

«ሰላም። ስልኬ ስክሪኑ ተሰብሮ ላሠራ ስሰጥ ሠሪው ፓተርኑን ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ማታ ስቀበለው ጋለሪው ተከፍቶ አገኘሁት። ምንም አልጠፋም፤ ግን ደስ አላለኝም። አበዛሁት?» (ከጀሞ)

ወንድሜ፣ አላበዛህም። ስክሪን ለመቀየር ፎቶህን ማየት አያስፈልግም። ስክሪኑ መሥራቱን አንተ ፊቱ ቆመህ፣ ራስህ ከፍተህ ትሞክረዋለህ። ፓተርን የሰጠኸው ለጥገና ነው፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ ያልፈቀድከው ነው። ያለ ፈቃድ የሰው ስልክ ውስጥ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ከፖሊስ በፊት ግን ፓተርንህን ቀይር፤ የቴሌግራምና የኢሜይል አካውንትህ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነም እይ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲምና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተህ ኪስህ ክተት።

«ለተከበሩት ጠበቃ። እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ፤ ጡረተኛ ነኝ። ባንክ የእድሩን ሒሳብ ለማስተካከል ፋይዳ ጠየቀን። ሰብሳቢያችን ሁሉም አባል የፋይዳ ካርዱን ፎቶ አንሥቶ በእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ እንዲልክ አዘዙ። 60 የሚሆን ሰው ልኳል። የልጅ ልጄ ‹አባባ፣ ይህ አደገኛ ነው› አለችኝ። እድር እኮ ቤተሰብ ነው። ምን ክፋት አለው?»

ጋሼ፣ የልጅ ልጅዎ ልክ ናት። ስለ ጠየቁም አመሰግንዎታለሁ፤ ብዙ ጸሐፊዎች አይጠይቁም።

እድር ቤተሰብ ነው፤ እውነት ነው። ግሩፑ ውስጥ ግን ማን ማን አለ? የወጡ አባላት አሉ፣ ስልካቸውን የሸጡ አሉ፣ የልጆቻቸውን ስልክ የሚጠቀሙ አሉ። ቴሌግራም ደግሞ በብዙ ስልክ ላይ ፎቶውን ራሱ እያወረደ ያስቀምጠዋል። 60 ካርድ ስንት ስልክ ውስጥ እንደገባ ያስቡት።

ፋይዳ ተራ የቀበሌ መታወቂያ አይደለም። ስንመዘገብ አሥሩንም ጣታችንን፣ ሁለቱን ዓይናችንንና ፊታችንን ሰጥተናል። 12 አሃዙ ቁጥር ከዚያ ጋር ታስሯል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ ጣት ግን አይቀየርም። ካርዱ ብቻውን ጣትዎን ለማንም አይሰጥም፤ ያ እንዳያስደነግጥዎ። ግን ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶና ቁጥር በአንድ ላይ ያገኘ አጭበርባሪ ደውሎ «ከባንክ ነው፣ እማማ፣ በስልክዎ የመጣውን ኮድ ይንገሩኝ» ለማለት በቂ ነገር አለው። የሙሉ ስማቸውንና የልደት ቀናቸውን ሲጠራላቸው እናቶቻችን ያምኑታል። ጉዳቱ የሚመጣው በዚያ በኩል ነው።

ሕጉም እዚህ ላይ ቀላል ነገር ነው የሚለው፦ ለሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ሰብስብ። ባንክ የሚፈልገው የፈራሚዎቹን ማንነት ነው። በአብዛኛው እድር ፈራሚዎቹ ሊቀመንበሩ፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ናቸው። እናንተም ጋ እንዲያ ከሆነ ሦስታችሁ ካርዳችሁን ይዛችሁ ባንክ ሂዱ። ሌላው አባል ምንም መላክ አልነበረበትም። ለእድሩ መዝገብ ስም፣ የቤተሰብ ዝርዝርና ስልክ ይበቃል፤ እነዚያ ደግሞ እርስዎ ጋ በእጅ የተጻፈው መዝገብ ውስጥ አሉ።

ዛሬ ማታ ከልጅ ልጅዎ ጋር ቁጭ ይበሉ። የግሩፑ አድሚን ሁሉንም ፎቶ ከሁሉም ላይ ማጥፋት ይችላል፤ አንድ በአንድ ያጥፉ። ስልክ ላይ ወርዶ የቀረውን ግን እያንዳንዱ ሰው ከጋለሪው ራሱ ነው ማጥፋት ያለበት። ሰብሳቢውን ለብቻቸው ያነጋግሯቸው፤ በክፋት እንዳላደረጉት ግልጽ ነው፣ በሰው ፊት ማሳጣት አያስፈልግም። በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ተነሥተው፣ ፎቶው ከየስልኩ እንዲጠፋና ኮድ ለማንም እንዳይነገር በቃል ይናገሩ። ቴሌግራም የማያነቡ እናቶች አሉ፤ ካርዳቸውን የላኩላቸው ልጆቻቸው ናቸው፣ ምን እንደተላከም ላያውቁ ይችላሉ። እነሱን ቤታቸው ሄደው ይንገሯቸው።